መንደራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ልትዋሃድ ነው፤ ለምን? ለአንዲት እህት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነበር። «የምኖረው ምዕራብ ፈረንሳይ፣ 300 ሰው ባላት መንደር ውስጥ ነው። ባለቤቴ የዚያው ተወላጅ ነው። አሁን መንደራችን ከሌሎች ሦስት ጋር ተዋህዳ አንድ ኮሚዩን ልትሆን ነው ተባለ። አማቴ በጣም ተናደዋል፣ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ለምንድን ነው የሚዋሃዱት? ማን አስገደዳቸው? አድራሻችን፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ግብራችንስ ምን ሊሆን ነው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነውና። እኔ ለረጅም ጊዜ የሠራሁት እዚያው ፈረንሳይ ገጠር ነው። ትናንሽ ኮሚዩኖች (ኮሚዩን ማለት የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ትንሹ የአስተዳደር እርከን ነው) በጀታቸውንና የውህደት ወረቀታቸውን ሲያዘጋጁ ሳግዝ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ሕጉንም፣ ስብሰባው ላይ ያየሁትንም አብሬ እነግርሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መታወቂያና ፓስፖርት ጊዜያቸው እስኪያልቅ ይሠራሉ። ኮሚዩኑ ስለተለወጠ ብቻ አዲስ አውጡ የሚላችሁ የለም። የመንደራችሁ ስምም ከካርታ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ኮሚዩን «ኮሚዩን ዴሌጌ» ይባላል፤ ማለትም በትልቁ ሥር ያለ፣ የራሱ ተወካይ ከንቲባና የራሱ ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ያለው ክፍል። ፖስታ ሲመጣልሽ የመንደርሽ ስም በአንድ መስመር፣ አዲሱ የጋራ ስም ደግሞ ከሥሩ ይጻፋል። ጣጣ የሚሆነው የመንገድ ስም ነው። እሱ ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕንፃው የኮሚዩኑ ነው፤ መምህሩን የሚመድበው ግን መንግሥት ነው። አንድ ክፍል የሚታጠፈው ብዙውን ጊዜ ተማሪ ሲያንስ እንጂ ኮሚዩኖች ስለተዋሃዱ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ትናንሽ መንደሮች ሳይዋሃዱም ትምህርት ቤታቸውን ተካፍለዋል፤ ሕፃናቱ አንዱ መንደር፣ ከፍ ያሉት ሌላው መንደር ይማራሉ፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ይለቅማቸዋል። ልጅሽም ምናልባት እንደዚያ ይሆናል የሚሄደው። ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም። ከውህደቱ በኋላ አንድ ምክር ቤት አራት ሕንፃ ማሞቅና ማደስ ሊኖርበት ነው። ያን ጊዜ «ሁሉንም አንድ ቦታ ብናደርገውስ?» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ከወዲሁ ጠይቂ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

ግብሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ለዋና መኖሪያ ቤት የሚከፈለው የነዋሪነት ግብር በ2023 ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። ለእናንተ የቀረው የቤትና የመሬት ባለቤት የሚከፍለው ታክስ ፎንሲዬር ነው። አራቱ መንደሮች አራት የተለያየ ተመን አላቸው፤ ሲዋሃዱ ወደ አንድ መምጣት አለበት። ሕጉ ይህን ቀስ በቀስ፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ ዘርግቶ ማድረግ ይፈቅዳል። የእናንተ ተመን ዝቅተኛ ከነበረ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ ከፍ ያለ ከነበረ ይቀንሳል። ዛሬ ማታ አራቱን ተመኖች አግኝተሽ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊያቸው። ከአማትሽ ጋር ለምታደርጉት ክርክር ግማሹ መልስ እዚያ አለ።

አሁን ወደ «ማን አስገደዳቸው?» እንምጣ።

ማንም አላስገደዳቸውም። ፈረንሳይን ከጎረቤቶቿ የሚለያት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ቤልጂየም በ1977 ኮሚዩኖቿን ከ2359 ወደ 596 አወረደች። ዴንማርክ በ2007 ከ271 ወደ 98። ስዊድን ከ2500 የሚጠጋውን ከሃያ ዓመት ጥቂት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ 278 ላይ አደረሰችው። እነዚህ ሁሉ ከላይ የመጡ ውሳኔዎች ናቸው፤ ፓርላማ ወሰነ፣ ካርታው ተቀየረ፣ አለቀ። ፈረንሳይ ግን ዛሬም ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ኮሚዩኖች አሏት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ሰው በታች ናቸው። እነሱን ደፍሮ በአዋጅ የሚነካ መንግሥት እስካሁን አልመጣም።

ለምን? ነገሩ ከአብዮቱ ይጀምራል። ከ1789 በፊት ገጠሩ የሚኖረው በአጥቢያ በአጥቢያ ነበር። አጥቢያ የሚለው ቃላችን ለዚህ ታሪክ በጣም ይመቸኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ነው፣ የሰፈሩ አስተዳደርም ነው። ፈረንሳይ ገጠርም ልክ እንደዚያ ነበር። ደወሉ የሚሰማበት ርቀት፣ የጋራ ግጦሹ፣ የመቃብር ቦታው፣ ግብር የሚከፋፈልበት ስብሰባ፣ ሁሉም በአንድ አጥቢያ ውስጥ ነበር። አብዮተኞቹ አዲስ አስተዳደር ሊሠሩ ሲቀመጡ ቱሬ የተባለው የምክር ቤት አባል አገሪቱን በ720 ትላልቅ ኮሚዩኖች እንክፈላት አለ። ሌላው አባል ሚራቦ ተቃወመው። ያሸነፈው ያለውን አጥቢያ እንዳለ መቀበል ነው። የታኅሣሥ 14 ቀን 1789 ሕግ ለያንዳንዱ ከተማ፣ መንደርና አጥቢያ የተመረጠ ምክር ቤት ሰጠው። እንግዲህ ወደ 44 ሺህ ኮሚዩኖች በአንድ ጀንበር ተወለዱ ማለት ነው።

ትልልቅ የማድረግ ሐሳብ ያን ጊዜም አልሞተም። በ1795 ትናንሾቹን ሰብስቦ በካንቶን (የብዙ ኮሚዩኖች ስብስብ) ደረጃ የሚያስተዳድር ሥርዓት ሞከሩ፣ አምስት ዓመትም ሳይሞላው ወደቀ። ናፖሊዮን በ1800 ኮሚዩኖቹን መለሳቸው፤ ከንቲባዎቹ ግን ተሿሚ ሆኑ። በመጨረሻ የሚያዝያ 5 ቀን 1884 ሕግ መጣና ከፓሪስ በስተቀር ሁሉንም በአንድ ሚዛን አስቀመጣቸው። ስልሳ ሰው ያላት መንደርም፣ ግማሽ ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት ቱሉዝም በመሠረቱ አንድ ዓይነት ሥልጣን አላቸው። ከንቲባዋ ያጋባሉ፣ ልደትና ሞት ይመዘግባሉ፣ የግንባታ ፈቃድ ይፈርማሉ፣ መንገድ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። አማትሽ የተናደዱት ይህን እያሰቡ ነው። ለእሳቸው ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ብቻ አይደለም፤ አያቶቻቸው የተጋቡበት፣ ስማቸው መዝገብ ላይ የሰፈረበት ቤት ነው።

ሌላው ምክንያት ፖለቲካ ነው፤ ሰው ብዙም አያወራውም። የፈረንሳይ ሴኔት በቀጥታ በሕዝብ አይመረጥም። ከመራጮቹ 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከኮሚዩን ምክር ቤቶች የሚላኩ ተወካዮች ናቸው። የእናንተ 300 ሰው ያላት መንደርም አንድ ተወካይ ትልካለች። ታዲያ መንደሮች በግድ ይዋሃዱ ብሎ እጁን የሚያወጣ ሴናተር ማንን ነው የሚያጠፋው? መራጮቹን! በዚያ ላይ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር የሚፈልግ ሰው የ500 ተመራጮች ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ያን ፊርማ ከማን ነው የሚለምነው ብትይ በአብዛኛው ከገጠር ከንቲባ ነው። መንደሩ ትንሽ ነው፣ ከንቲባው ግን ትንሽ ሰው አይደሉም።

አንድ ጊዜ ሞክረዋል። በ1971 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሬይሞን ማርስለን ሕግ አወጡ፣ ፕሬፌዎቹ (በየዴፓርትማው፣ ማለትም በየአውራጃው፣ ያሉት የመንግሥት እንደራሴዎች) በካርታ ላይ ማን ከማን እንደሚዋሃድ ሠሩ። ከ37 ሺህ በላይ የነበረው ቁጥር ከ36 ሺህ በታች እንኳ አልወረደም። ከተዋሃዱትም ውስጥ በኋላ ተለያይተው ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱ አሉ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል «ውህደት» የሚለው ቃል ገጠር ውስጥ እንደ ስድብ ነበር የሚታየው።

እሺ፣ ካልተገደዱ አሁን ምን ነካቸው?

ብዙ ሰው «መንደሩ ባዶ ስለሆነ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባዶ መሆን ኮሚዩንን አይገድልም። ቬርደን አጠገብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ በመድፍ የወደሙ ስድስት መንደሮች አሉ፤ አንድ ነዋሪ የላቸውም፣ ግን ዛሬም በሕግ ኮሚዩን ናቸው፣ የከንቲባነቱን ሥራ የሚሠራ ሰው ፕሬፌው ይሾምላቸዋል። «ድሮም» በሚባለው ዴፓርትማ ውስጥ ሮሽፉርሻ የምትባል ኮሚዩን ለዓመታት በሕዝብ ቆጠራው አንድ ነዋሪ ብቻ ነበራት፣ እሷም ማዘጋጃ ቤት አላት። ስለዚህ የሰው ማነስ ብቻውን መልስ አይሆንም። የጠፋው የሚሠራ እጅ ነው።

የአንዲት ትንሽ መንደር ማዘጋጃ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይተሽው ይሆናል፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ከ2 እስከ 5 ሰዓት» ይላል። ከበሩ ኋላ ያለችው አንዲት ጸሐፊ ናት። እሷም ሰኞ ሌላ መንደር፣ ረቡዕ ሦስተኛ መንደር ትሠራለች። በጀቱን የምታዘጋጀው እሷ፣ ምርጫውን የምታደራጀው እሷ፣ የመቃብር ቦታውን መዝገብ የምትይዘው እሷ፣ ማሞቂያው ሲበላሽ ስልክ የምትደውለው እሷ ናት። ጡረታ ስትወጣ ምትክ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። ያን ጊዜ ነው ከንቲባው ጎረቤታቸው ዘንድ ደውለው «እናንተ ጋ ያለችዋን ለሁለት ብንካፈላትስ?» የሚሉት። ብዙ ውህደቶች የተጀመሩት ከትልቅ እቅድ ሳይሆን ከእንደዚህ ያለ ስልክ ነው።

ከንቲባውስ? ከ500 ሰው በታች ባለ ኮሚዩን ወርኃዊ አበላቸው ለዓመታት በ1000 ዩሮ አካባቢ ነበር፣ እሱም ሳይጣራ። ለዚያ ሌሊት ላም መንገድ ላይ ወጣች ብሎ የሚደውልላቸው አለ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ሰው ቢጎዳ ፍርድ ቤት የሚቆሙትም እሳቸው ናቸው። በ2020 ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ከ100 በላይ ኮሚዩኖች አንድም ተወዳዳሪ አልቀረበላቸውም ነበር። ከዚያ ደግሞ የ2025 ሕግ መጣ። ድሮ ከ1000 ሰው በታች ባለ መንደር መራጩ ወረቀቱን ይዞ የማይፈልገውን ስም በእስክሪብቶ ይሰርዝ፣ የሚፈልገውን ይጽፍበት ነበር። ከ2026 ምርጫ ጀምሮ ይህ ቀርቷል፤ አንድ ወንድ አንዲት ሴት እያፈራረቀ የተዘጋጀ ዝርዝር ማቅረብ ግድ ነው። ሕጉ ለትናንሾቹ አዝኖ ዝርዝሩ በሁለት ሰው ቢጎድል እንደ ሙሉ ይቆጠራል ይላል። በእኔ እምነት ሴቶች መግባታቸው ተገቢ ነው፣ ዘግይቷል እንኳ። ግን ሰው ለማግኘት ቤት ለቤት ለሚዞሩት ከንቲባ ሸክሙ ከብዷል፣ አንዳንዶቹም «ከምንለምን ብንዋሃድ ይሻላል» ወደ ማለት ደርሰዋል።

ገንዘቡን ደግሞ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። በ1905 ፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን ስትለያይ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የኮሚዩኖቹ ንብረት ሆነው ቀሩ። እናም 90 ሰው ያላት መንደር ለ600 ሰው የተሠራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ባለቤት ናት። እሑድ ቅዳሴ የለም፤ ቄሱ ለብዙ መንደር አንድ ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ጣሪያው ግን ያፈስሳል። አናጺው ዋጋ ጽፎ ሲሰጥ ቁጥሩ ከመንደሯ የዓመት በጀት ይበልጣል። ዕርዳታ ለመጠየቅ ፋይል ማዘጋጀት አለ፣ ፋይሉን የምታዘጋጀው ደግሞ ያቺው ማክሰኞና ሐሙስ የምትመጣው ጸሐፊ ናት። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአንድ ከንቲባ ጋር ቆሜ አውቃለሁ። ጠብታውን የሚቀበል ባልዲ መሠዊያው ጎን ነበር። ሰውየው ባልዲውን ራሳቸው ነበር በየሳምንቱ የሚደፉት።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው መንግሥት ጥሎሽ ይዞ የመጣው። በታኅሣሥ 2010 የወጣው ሕግ «ኮሚዩን ኑቬል» የሚባለውን አዲስ መልክ ፈጠረ፤ ውህደት ነው፣ ግን የድሮዎቹ ስምና ተወካይ ከንቲባ ይቆያል። መጀመሪያ ላይ ብዙም ሰው አልቀረበውም። ከዚያ መንግሥት ከ2015 እስከ 2017 ለአካባቢ አስተዳደሮች ከሚሰጠው ገንዘብ 11 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ከንቲባዎቹ ደነገጡ። በመጋቢት 2015 የራሳቸው የከንቲባዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዣክ ፔሊሳር ያቀረቡት ሕግ ወጣ። የሚለው ባጭሩ፣ ቶሎ የተዋሃደ ለሦስት ዓመት ገንዘቡ አይነካበትም። ያን ጊዜ በየመንደሩ ማታ ማታ መብራት አልጠፋም። በ2016 መጀመሪያ ከ300 በላይ አዳዲስ ኮሚዩኖች በአንድ ጊዜ ተፈጠሩ። እስካሁን ከ800 በላይ ደርሰዋል፤ በውስጣቸው ከ2500 በላይ የድሮ ኮሚዩኖች አሉ።

በ2015 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የኮሚዩኖች ኅብረቶች (ጎረቤት ኮሚዩኖች አንዳንድ ሥራ በጋራ የሚሠሩባቸው) በመሠረቱ ቢያንስ 15 ሺህ ሰው እንዲይዙ አዘዘ። መንደራችሁ በዚያ ኅብረት ጉባኤ ውስጥ ከደርዘን በላይ ኮሚዩኖች መሐል አንድ ወንበር ነው ያላት። ቆሻሻ ማንሳቱ፣ የኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ የቦታ አጠቃቀም ፕላኑም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚወሰነው። አራት ሆናችሁ አንድ ከሆናችሁ ቢያንስ ሲናገሩ ይሰማሉ። ከንቲባዎች በግል ሲያወሩ ከገንዘቡ ይልቅ ይህን ነው ደጋግመው የሚያነሱት።

ግን ሁሉም ቦታ እኩል አልሄደም፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሜን-ኤ-ሎዋር ዴፓርትማ ውስጥ ከ350 በላይ የነበሩት ኮሚዩኖች በጥቂት ዓመት ወደ 177 ወረዱ። ሞዥ በሚባለው አካባቢ ብቻ 64 ኮሚዩኖች ስድስት ሆኑ። ኖርማንዲ ውስጥ በአይቧ የምትታወቀው ሊቫሮ ከሌሎች ጋር ተቀላቅላ 22 ኮሚዩኖች አንድ ሆኑ። ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ግን፣ ቮዥ አካባቢ፣ ወሬው ቀዝቃዛ ነው። አንዱ ምክንያት ጫካ ነው። እዚያ ብዙ መንደሮች የራሳቸው የኮሚዩን ደን አላቸው። እንጨቱ ይሸጣል፣ ገንዘቡ በጀት ውስጥ ይገባል፤ ነዋሪውም በየዓመቱ የማገዶ ድርሻውን ያገኛል፣ አፉዋዥ ይሉታል። ደን ያላት መንደር ደን ከሌላት ጎረቤቷ ጋር ለምን ትዋሃዳለች? ተዋሃደች ማለት ደኑም የጋራ ሆነ ማለት ነው። ምዕራቡ ግን ቤቶቹ በየማሳው የተበተኑ ናቸው፤ ገበሬው መሬቱ ሁለት ኮሚዩን ውስጥ ነው፣ ልጁ ሦስተኛው ውስጥ ይማራል፣ አብሮ መሥራት ድሮም ለምዶባቸዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ሆኖ ባለጸጋው ለመካፈል ይስማማል። ፔንሊ የምትባል የባሕር ዳር ኮሚዩን የኑክሌር ማመንጫ አለባት፣ ግብሩ ብዙ ነው። በ2016 ከአካባቢዋ ጋር ተዋህዳ 18ቱ አንድ ላይ ፔቲ-ኮ ሆኑ።

ያልተሳካም አለ። ሩዋን አጠገብ ቦዋ-ጊዮምና ቢዮሬል በ2012 ተዋሃዱ፤ ፍርድ ቤት ውህደቱን ሻረው፣ ከ2014 ጀምሮ እያንዳንዳቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ካን አጠገብ ትሩዋርንና ሳነርቪልም ሳሊን የሚል ስም ይዘው በ2017 ተጋብተው በ2019 መጨረሻ ተፋቱ። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ፍቺ በሕጉ ውስጥ ቀላል በር የለውም፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ነው ማሰብ።

አሁን አማትሽ ትክክል የሆኑበትን ልንገርሽ።

አራቱም ምክር ቤቶች ከተስማሙ የሕዝብ ድምፅ አያስፈልግም። ፕሬፌው ይፈርማል፣ ያልቃል። ሕዝቡ የሚጠየቀው ምክር ቤቶቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው፤ ያን ጊዜም ከተመዘገቡት መራጮች ከግማሽ በላይ መውጣት አለባቸው፣ በየኮሚዩኑም ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «እሺ» ማለት አለበት፣ ያ «እሺታም» ከተመዘገቡት ሩብ ማነስ የለበትም። አራት ምክር ቤት ተስማምቶ ሕዝቡ በወሬ ሲሰማ ልብ ይሰበራል። እኔ ከሆንኩ ሕጉ ባያስገድድም እጠይቃለሁ። ሳይጠየቅ የተዋሃደ መንደር ውስጥ ከአሥር ዓመት በኋላም «እነሱ» እና «እኛ» ሲባል ሰምቻለሁ።

ከዚያ ቁጥሩ። የእናንተ መንደር አሁን 11 የምክር ቤት አባል አላት። አራቱም እናንተን የሚያህሉ ከሆኑ 44 ሰው ነው። በሽግግሩ ጊዜ ሁሉም አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ከሚቀጥለው ምርጫ በኋላ ግን 1200 ሰው ያለው አዲሱ ኮሚዩን 19 አባል ነው የሚኖረው። 25 ሰው ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። እነዚህ 25 ሰዎች ደሞዝተኛ አልነበሩም። ቅዳሜ ጠዋት ቦይ የሚጠርጉ፣ የአዳራሹን ወንበር የሚደረድሩ፣ በሙቀት ጊዜ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን በር የሚያንኳኩ ናቸው። ያን ሥራ አሁን ማን ይሠራዋል ብለሽ ስትጠይቂ ተቀጣሪ ነው መልሱ፤ ተቀጣሪ ደግሞ ይከፈለዋል። ለዚህ ነው «ውህደት ወጪ ይቀንሳል» ሲባል ቶሎ አታጨብጭቢ የምልሽ። ባየኋቸው ቦታዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪው ጨምሯል። የሠራተኛ ደሞዝ ከፍ ወዳለው ይስተካከላል፣ ሠሌዳ ይቀየራል፣ ኮምፒውተሩ አንድ ይሆናል። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሙሉ ሳምንት የሚሠራ ቢሮ፣ ፋይል ማዘጋጀት የሚችል ሰው፣ ጣሪያውን የሚችል በጀት።

ተወካይ ከንቲባውም ላይ እውነቱን እወቂ። ስም አላቸው፣ ያጋባሉ፣ ልደት ይመዘግባሉ፤ የራሳቸው ግብር የመጣል ሥልጣን ግን የላቸውም። አዲሱ ምክር ቤትም ወደፊት እነዚህን ክፍሎች ላጥፋ ብሎ መወሰን ይችላል።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፣ ሁለታችሁም፣ አማትሽም። «ቻርት» የሚባል ሰነድ አለ፤ መንደሮቹ ከመዋሃዳቸው በፊት የሚገቡት የቃል ኪዳን ጽሑፍ ነው። በሕግ እንደ ብረት አይደለም፣ ግን ከንቲባዎች በፊርማቸው ያፍራሉ። ትንሹ ማዘጋጃ ቤት በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? አራቱ ትምህርት ቤቶች እስከ መቼ? የማን ብድር ስንት ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በየትኛው ዓመት? ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ቁጥር ይዘሽ ጠይቂ። እኔ ውህደቱን የምደግፈው ልጆቹ አንድ ትምህርት ቤት ከሄዱ፣ ሰዉ አንድ ገበያ ከዋለ፣ የእግር ኳስ ቡድኑም ድሮ አንድ ከሆነ ነው። ጥሎሹን ብቻ አይተው ከሆነ ግን ሦስቱ ዓመት እንደ ነገ ያልቃል።

የመንገዱን ስም ቃል ገብቼልሻለሁ። እያንዳንዷ መንደር አንድ «የቤተ ክርስቲያን መንገድ»፣ አንድ «የማዘጋጃ ቤት መንገድ»፣ አንድ «ታላቁ መንገድ» አላት። ሲዋሃዱ በአንድ ኮሚዩን ውስጥ አራት የቤተ ክርስቲያን መንገድ ይኖራል፣ አምቡላንሱ የቱ ጋ ይሂድ? ስለዚህ ስም መቀየር አለ። ሰው የሚጣላው በግብሩ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

አንድ እንደዚህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ትልቅ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ቡና ቀርቧል፣ ማንም ስሙን አልለቅም ብሏል። ለአንዱ መንገድ «የልብስ ማጠቢያው መንገድ» እንበለው አለች አንዲት ሴት፣ ድሮ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት የድንጋይ ገንዳ እዚያ ስላለ። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ሌላኛው መንደር ያለው ሰው እጁን አነሳ፤ እነሱም ገንዳ አላቸው። ሦስተኛውም እንደዚያው። ክፍሉ ዝም አለ። ከጥግ አንድ ሰማንያ ያለፋቸው ሰው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ውህደቱን ሲቃወሙ የነበሩ፣ ተነስተው መጡና ጣታቸውን ካርታው ላይ አኖሩ። ይሄ ማሳ እኔ ልጅ ሳለሁ ስም ነበረው አሉ፤ አባታቸው የሚጠሩበትን የማሳ ስም ተናገሩ። ጸሐፊዋ የድሮውን የመሬት መዝገብ አወጣች፣ ገልጣ ገልጣ አገኘችው። የተጻፈው እሳቸው እንዳሉት ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላውንም ማሳ፣ ሌላውንም እያሉ እስከ ማታ አብረውን ቆዩ።

አማትሽን እዚያ ኮሚቴ ውስጥ አስገቢያቸው።